ልጅ ይዞ ወደ ጣና

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በወንበርማ፣ በሰከላ ገጠር ቀበሌዎች ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ ከብቱ ገብቶ፣ ምድጃው ተቀጣጥሎ እንደሆነ ጠጋ በሉ።

ዛሬ የምናወራው ስለ መንገድ ነው። ድክ ድክ ማለት የጀመረ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይዞ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነስቶ፣ ባሕር ዳር ደርሶ፣ ሁለት ቀን ጣና ዳር ሰንብቶ ስለ መመለስ።

ሌላው ዓለም ለእረፍት ልጁን መኪና ላይ አስቀምጦ ወደ ባሕር ዳርቻ ብቅ ይላል። እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የለንም። ለጎጃም ሰው ግን ጣና አለ። ደግሞም ለእረፍት ብቻ አይደለም የምንሄደው። የእህት ልጅ ክርስትና ይነሳል፣ የወንድም ሠርግ ይደገሳል፣ ዘመድ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይተኛል። ሕፃኑን ማን ዘንድ እንተወው? ይዘነው እንነሳለን።

(አጭር የክራር ድምፅ)

አቅራቢ፦ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ ቀን ቀን የሚተኛው ስንት ሰዓት ላይ ነው? የሚርበውስ? ያለ ምክንያት የሚነጫነጨውስ? ይህን የማታውቅ እናት የለችም። አባቶችስ? እናንተም መልሱ፤ ሬዲዮ ነው፣ አልሰማችሁም።

ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ጉዞው በልጁ ሰዓት ይሁን። በሹፌሩ ሰዓት አይደለም። ድግስ ደግሶ በሚጠብቀው ዘመድ ሰዓትም አይደለም። በልጁ ሰዓት።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ቲሊሊ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ መራዊ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። ከፍኖተ ሰላም ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቡሬ ደግሞ 150 ገደማ። አዋቂ ብቻውን ሲሄድ ለምሳ ይደርሳል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ለመንገዱ ስጡት። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ማን ይቆጣችኋል?

ከሁሉም በፊት መናኸሪያ ሰው ልካችሁ ወይም ደውላችሁ መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ያለንበት ጊዜ ይህን ይጠይቃል። መንገዱ ያጠራጥራል ከተባለ ይቅር፤ ክርስትናው ያለ እናንተም ይነሳል። ከተነሳችሁም በብርሃን ሄዳችሁ በብርሃን ግቡ። ኬላ ላይ ለፍተሻ ውረዱ ስትባሉ የተኛ ልጅ አቅፋችሁ ቦርሳ እንዳትበረብሩ መታወቂያችሁን እጃችሁ በሚደርስበት ኪስ አድርጉት።

(የመናኸሪያ ድምፅ፤ ረዳቶች "ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!" እያሉ ሲጣሩ)

አቅራቢ፦ "አንድ ሰው የቀረው" ይላል ረዳቱ። ገብታችሁ ስታዩ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ይህን ጨዋታ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አዋቂው ይታገሣል። ልጁ ግን ቆሞ በፀሐይ በሚግል መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት ከተቀመጠ፣ ጉዞው ሳይጀመር ትዕግሥቱ አልቋል። ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ አንዳችሁ ገብታችሁ ወንበር ያዙ። ሌላው ልጁን ጥላ ሥር ያሯሩጠው፣ ያስሸናው፣ ውሃ ያጠጣው። መኪናው ሲሞላ ግቡ። ብቻሽን የሆንሽ እናት ደግሞ ረዳቱን፦ "ወንድሜ፣ ወንበሬን ያዝልኝ፤ ሲሞላ ጥራኝ" በይው። ልጅ ያቀፈች እናት ለምና እምቢ የሚላት ረዳት ብዙ የለም።

የት ትቀመጣላችሁ? ጋቢና አትቀመጡ። ደግሜ እላለሁ፤ ልጅ ይዛችሁ ጋቢና አትቀመጡ። ብዙ ሰው "ጋቢና ይመቻል፣ ልጁም መንገዱን ያያል" ይላል። ምቾቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሹፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ልጁ ከእቅፍ ተወርውሮ የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው። ክንዴ ጠንካራ ነው አትበሉ። መኪና በፍጥነት ሄዶ ድንገት ሲቆም አሥር ኪሎ የሚመዝን ልጅ በማንም ክንድ አይያዝም።

ከሹፌሩ በስተኋላ፣ ከበሩ ራቅ ያለ የመሐል ወንበር ይሻላል። ልጁን ጀርባችሁ ላይ እንዳዘላችሁም አትቀመጡ፤ በእናንተና በመደገፊያው መካከል ይጨፈለቃል። አንቀልባውን ወይም ማዘያውን ፍቱና ልጁን ወደ ፊት አምጡት። የደህንነት ቀበቶ ካለ ደግሞ ለእናንተ ብቻ እሰሩት፤ ልጁን ከውስጥ አድርጋችሁ ለሁለት አትታሰሩ፤ ግጭት ቢመጣ የእናንተ ክብደት በቀበቶው ላይ ያደቀዋል።

ኮንትራት መኪና የምትይዙ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ መኪና የሚያሽከረክርላችሁ ካላችሁ፣ የሕፃን መኪና ወንበር አምጣልኝ በሉት። ልጁ ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ የሚዞርበት ዓይነት ይመረጣል። ለልጅ የሚመጣው ስጦታ ሁሉ ልብስና ቸኮላት ከሚሆን ይህ ይበልጣል።

ወንበሩ ለሌለን ለብዙዎቻችን የቀረው መሣሪያ አፋችን ነው። "ሹፌር፣ ልጅ አለ፤ ቀስ በል" ማለት ነውር አይደለም። አንዱ ሲናገር ሌላውም ያግዝ። ትርፍ ሲጫንም እንዲሁ።

(የመኪና ጉዞ ድምፅ)

አቅራቢ፦ አሁን ተነስተናል። ቡሬን አልፈናል። አንዱ ተሳፋሪ መስኮት ሲከፍት ከኋላ ድምፅ ይመጣል፦ "ኧረ ዝጉት! ንፋስ ይመታናል!" ታውቁታላችሁ አይደል?

ንፋስ ይመታል የሚለው ፍርሃታችን ሥር የሰደደ ነው፤ በአንድ ዝግጅት የምነቅለው አይመስለኝም። ግን አንድ ነገር ልበል። በተዘጋ መኪና ውስጥ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ሰው ሲተነፍስ የአንዱ ሳል የሁሉም ነው። ጉንፋንም፣ ኩፍኝም፣ የሳንባ ነቀርሳም በንፋስ ሳይሆን ንፋስ በማጣት ነው የሚዛመቱት። ንፋሱ ልጁ ፊት ላይ በቀጥታ እንዳይነፍስ አድርጋችሁ፣ ፊት ለፊት ያለውን መስኮት ጥቂት ክፈቱ። የልጁን ፊትም በነጠላ ወይም በጋቢ አትሸፍኑ። ለንፋስ፣ ለፀሐይ፣ ለዓይን ብለን የምንሸፍነው ነገር ልጁን ያፍነዋል፣ ያግለዋል፤ ላብ በላብ ሆኖ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ኩፍኝን ካነሳሁ አይቀር፣ ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ሁለተኛውን ያልወሰደ ልጅ ካለ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጤና ኬላ ጎራ በሉ። ካርዱንም ይዛችሁት ሂዱ።

ከቡሬ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮሶበር ከ2,500 ይበልጣል። ከዚያ እንደገና ወርዳችሁ ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ ትደርሳላችሁ። ሞቃት፣ ብርድ፣ እንደገና ሞቃት፤ በአንድ ቀን። ስለዚህ ልጁን አንድ ወፍራም ልብስ ብቻ አታልብሱት። ስስ ስስ አድርጋችሁ ደራርቡለት። ቲሊሊ ላይ ጨምሩ፣ ዳንግላ ላይ ቀንሱ። በክረምት ኮሶበር አካባቢ ጉም አለ፤ ያን ጊዜ ሹፌሩ ቢዘገይ አትቆጡ።

ሽቅብ ሲወጣና ቁልቁል ሲወርድ ጆሮ ድፍን ይላል። እኛ እንውጥና ይከፈትልናል። ልጁ ግን ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጡት ይጥባ ወይም ውሃ ይጎንጭ። መዋጡ ጆሮውን ይከፍተዋል።

(የሕፃን ለቅሶ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ማስመለሱስ? መኪና የሚረብሸው ልጅ ያላችሁ እጅ አውጡ። ሁለት ዓመት ያልሞላውን እምብዛም አይረብሸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የሚብሰው። ሆዱን ሞልታችሁ አታሳፍሩት፤ ባዶ ሆዱንም አታድርጉት። ደረቅ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች ጥቂት ጥቂት። ስልክ ላይ ቪዲዮ አታሳዩት፤ ዓይኑ ቁልቁል ሲተከል ይብስበታል። "ያ በሬ! ያች ፈረስ!" እያላችሁ ከመስኮቱ ውጭ ራቅ አድርጎ እንዲያይ አድርጉ። ፌስታል ሁለት ሦስት ያዙ። ለአዋቂ የተሰጠ የማስመለስ ክኒን ግማሽ ቆርሶ ለልጅ መስጠት የሚባል ነገር አይታሰብ።

ስለ ስንቅ ስናወራ ግን አንድ ልማዳችንን መንካት አለብኝ። መንገደኛ ምን ይይዛል? ቆሎ። ዳቦ ቆሎ። ሽምብራ። ለውዝ። አጠገብ ያለው ሰው ሁሉ ደግነቱ አያስችለውም፤ "ለሕፃኑ" ብሎ ከእፍኙ ያካፍላል። ደግነቱ መልካም ነው። ቆሎው ግን ለዚህ ዕድሜ አደገኛ ነው። መንጋጋው ገና ያልበቀለ ልጅ አያደቀውም፤ መኪናው ሲንጥ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል። የሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ልጅ ሲታነቅ ምን ታደርጋላችሁ? ስለዚህ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሽምብራ፣ ከረሜላ አይሰጠውም። ሰጪውን አመስግናችሁ ተቀበሉና ራሳችሁ ብሉት።

ወተት በጡጦ ሞልታችሁ አትያዙ፤ በሙቀቱ ዳንግላ ሳይደርስ ይበላሻል፤ ጡጦውም መንገድ ላይ አይታጠብም። የሚጠባ ከሆነ ጡት ሁልጊዜ ትኩስና ንጹሕ ነው፤ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ይመከራል። ውሃ የፈላና የቀዘቀዘ፣ ወይም ክዳኑ ያልተነካ የታሸገ ውሃ። መንገድ ላይ ፍራፍሬ ከገዛችሁ በራሳችሁ እጅ የሚላጠውን ምረጡ።

ኦ.አር.ኤስ ሁለት ከረጢት አይርሳችሁ። ተቅማጥ ከጀመረው ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ በጥብጣችሁ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ እየደጋገማችሁ ስጡት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

እስካሁን ያልነውን እንከልስ። ጉዞው በማን ሰዓት ነው? በልጁ። ጋቢና እንቀመጣለን? አንቀመጥም። ቆሎ እንሰጣለን? አንሰጥም። ጎበዞች!

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አቅራቢ፦ አሁን ስለ መቆም። ልጅ በአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ተኩል አንዴ እግሩን መዘርጋት አለበት። ኮሶበር ለዚህ ጥሩ ናት። ፈረስ ያያል፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ዕለት ከደረሳችሁማ ያን ሁሉ ያጌጠ ፈረስ አይረሳውም። ግን ያን ቀን ማደሪያ አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፤ ሕዝቡም ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ቦታና ጥምቀት ስትሄዱ የስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ የልጁ ልብስ ውስጠኛ ኪስ ውስጥ ክተቱ።

ኮሶበር ሳትደርሱ መንገዱ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ አለ። ውብ ነው። ግን ዘንገና እንደ ጣና አይደለም። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ነው፤ ዳርቻው ቀጥ ያለ፣ ጥልቀቱም ከመቶ ሜትር በላይ። እዚያ የሚወርድ ልጅ በእግሩ አይሄድም፤ ይታዘላል ወይም እጁን ይያዛል።

የትም ብትቆሙ በመንገዱ በኩል አትውረዱ፤ በማሳው በኩል ውረዱ። ልጁ መጀመሪያ አይወርድም፤ አዋቂ ወርዶ እጁን ይቀበለዋል። ባጃጁ፣ ሲኖትራኩ፣ ከብቱ ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ነው። ፖፖ ብትይዙም ዳይፐር ብትጠቀሙም የቆሸሸውን በፌስታል ቋጥራችሁ እስከ ከተማ ያዙት። በመስኮት የተጣለ ዳይፐር የሚያርፈው የሆነ ገበሬ ማሳ ላይ ነው። ምናልባትም የእናንተ ዘመድ።

(የሐይቅ ሞገድና የወፎች ድምፅ)

አቅራቢ፦ ደረስን። ጣና! ልጁ ይህን ያህል ውሃ አይቶ አያውቅም። ምን ያደርጋል? ይሮጣል። ወዴት? ወደ ውሃው።

ስለዚህ ጣና ዳር ያለው ሕግ አንድ ነው፦ ልጁ ከክንዳችሁ ርቀት አይውጣ። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ይህ ግን ለልጅ ማጽናኛ አይሆንም። ለሁለት ዓመት ልጅ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ውሃ ለመስጠም በቂ ነው። ደግሞ የሚሰጥም ልጅ አይጮኽም፤ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሰምጠው። "ታላቅ እህቱ ታየዋለች" አይባልም። የሰባት ዓመት ልጅ ጠባቂ አይደለችም፤ እሷም ልጅ ናት። ዛሬ ማን እንደሚጠብቅ በስም ተነጋገሩ። "ሁላችንም እያየነው ነው" የሚባል ልጅ ማንም አያየውም።

ሁለተኛው ነገር በዓይን አይታይም። ቢልሃርዚያ። በጣና ዳርቻ አለ። ትሉ የሚኖረው በትንንሽ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ ከእነሱ ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። መጠጣት አያስፈልገውም፤ እግር ማስገባት ይበቃዋል። በተለይ ሣርና ደንገል የበዛበት፣ ውሃው የረጋበት ዳርቻ ያሰጋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሕፃን ጣና ውስጥ አይግባ። ይየው፣ ጠጠር ይወርውር፣ ታንኳውን ይቁጠር። መታጠብ ከፈለገ በሳፋ፣ በቧንቧ ውሃ።

የቢልሃርዚያን ነገር ካነሳን አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያች ምልከታ ተነስቶ እንዶድ የበሽታውን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ። እኛ ጓሮ የበቀለው እንዶድ!

ጀልባ ለመሳፈር ካሰባችሁ ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይበረታል። ዘጌ ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህም ለሕፃን ይበቃዋል። ባለ ጀልባውን አስቀድማችሁ፦ "ለሕፃን የሚሆን የነፍስ አድን ጃኬት አለህ?" በሉት። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አይሆንም፤ ውሃ ላይ በአንገቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ከሌለው አትሳፈሩ። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ሴት የማይገባባቸው ገዳማትም ስላሉ እናት ጀልባው ላይ ቀርታ ልጁ ሲያለቅስባት እንዳይውል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጢስ አባይስ? በዚህ ዕድሜ ይቅርበት ባይ ነኝ። መንገዱ ያንሸራትታል፤ እናንተም ፏፏቴውን ሳይሆን የልጁን እግር ስታዩ ትውላላችሁ። ትልቅ ሲሆን ራሱ ይወስዳችኋል።

(ሙዚቃ ከሥር)

አቅራቢ፦ ማታ አጎበር። ዘመድ ቤትም እደሩ ሆቴልም እደሩ፣ ልጁ ከአጎበር ሥር ይተኛ። ባሕር ዳር ወባ አለባት፤ የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ትበረታለች። አጎበር ባይኖርስ ብላችሁ የራሳችሁን ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያለው ሰው ወባን ያውቃታል። ከሰከላ ደጋ የሚመጣ ልጅ ግን ገላው አያውቃትም፤ ስትይዘው ቶሎ ታዳክመዋለች።

ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ ይህን አደራ እላለሁ። ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው አንድ ወር ልጁ ካተኮሰው "የመንገድ ድካም ነው" ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ፍዝዝ ብሎ አልነቃ ካለ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ለባለሙያውም ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፦ "ባሕር ዳር ደርሰን መጥተናል።"

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ይላል)